የማያልቀው ሰሞን

ሰባኪው ልጅ ቤቴ እንደገባ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ከኪሱ ትንሽ ብልቃጥ አውጥቶ እጁን ማሸት ነበር። በኮሮናው ጊዜ የለመዳት ነገር ናት፤ ሰው ሁሉ ሲተዋት እሱ አልተዋትም። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል የሎሚ ሽታ ከአልኮል ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬን መታኝ። ወንበር ላቀርብለት ብድግ ብዬ ነበር፣ መልሼ ቁጭ አልኩ። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። ዘውዴ የሚባል የባቡር መካኒክ ይህንኑ የመሰለ የሎሚ ሽቶ አንገቱ ላይ ረጭቶ በየእሑዱ ቤቴ ይመጣ ነበር፤ የግራሶውን ሽታ ይሸፍንልኛል ብሎ። አልሸፈነለትም።

ልጁ ዲያቆን ሱራፌል ይባላል። ክፉ ልጅ አይደለም። ነጠላው የነጣ፣ ድምፁ ያማረ፣ ስልኩ ከእጁ የማይለይ ነው። ባሌ የዚህ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ በነበረ ጊዜ ይህ ልጅ ገና አልተወለደም ነበር ማለት ይቻላል፤ ግን ስለ ባሌ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ይመስለዋል።

«እማማ አስካለ» አለኝ፣ «የአባታችን ሙት ዓመት ደረሰ። ዘንድሮ ሐውልታቸው ይመረቃል። ኮሚቴው እርስዎ ሁለት ቃል እንዲናገሩልን ይለምናል።»

«እኔ ምን እናገራለሁ? ስብከት የናንተ ሥራ ነው።»

«ሕዝቡ የሚያውቀውን ነው የሚናገሩት። እርስዎና አባታችን መልአከ ብርሃን በስእለት፣ በድንግልና እንደኖራችሁ። ሐውልቱ ላይም ይጻፋል፤ ‹ሁለቱ ተስማምተው፣ ስለ እግዚአብሔር ብለው፣ ንጽሕናቸውን ጠብቀው የኖሩ› ተብሎ። ከሌላ ሰው ከሚሰማ ከእርስዎ አንደበት ቢሰማ ይበልጣል።» ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ወደ ዓይኔ አስጠጋልኝ። ልብሰ ተክህኖ የለበሰ ፈረንጅ በትር ይዞ ቆሟል። «ይህን ይመልከቱልኝ እማማ። በውጭ አገር ከወንድ ጋር የሚኖር ሰው ጳጳስ አድርገው ሾሙ። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት መንጋ ይመራል? ለዚህ ዘመን መልሱ የእናንተ ሕይወት ነው።»

ሳቄ መጣ። ሳል አስመስዬ ዋጥኩት። ፈረንጁ ደግሞ ሳየው ምንም አይልም፤ መነጽሩ የተንሸራተተ፣ የደከመው ሽማግሌ ነው። «እስቲ ላስብበት» ብዬ ልጁን ሸኘሁት። እሱ ሄደ፣ ሎሚው ቀረ። የሚፈልጉብኝ ነገር አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ተስማምተን ነው» እንድል። ያልኖርኩትን ኑሮ፣ ያልወለድኩትን ልጅ፣ በገዛ ፈቃዴ የተውኩት ነው ብለው ድንጋይ ላይ ሊጽፉት ነው። ከኔ የተወሰደው ሁሉ አልበቃ ብሎ የሰጠሁት ነው ሊባልልኝ ነው። ከዚህ የሚብስ ስርቆት አላውቅም።

እኔ በዚያ ዘመን የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ። የዛሬዋን አቃቂ ያየ የዚያኗን አቃቂ አያውቃትም። አሁንማ የሰው ቤት ለመንገድ ተብሎ ፈርሶ፣ ከባድ መኪና ተሰልፎ፣ ከማዶ እስከ ማዶ መጋዘን ብቻ ነው። ያኔ የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ ከበሩ የምንጎርፈው ሴቶች ፀጉራችን ላይ የጥጥ ብናኝ እንደ ደረቅ በረዶ ተጣብቆ፣ ነጠላችንን እያራገፍን፣ እየተሳሳቅን ነበር የምንወጣው። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ አምስት ሳንቲም ነበር። ደሞዝ የተቀበልን ዕለት ባለሱቁ ስልጤ ሬዲዮውን ከፍ ያደርግልንና እኛ ደጁ ላይ ቆመን የሰማነውን ዘፈን ሁሉ እንደገና እንዘፍነዋለን። ወንዶቹ ቤል ቦተም ሱሪ ለብሰው መንገድ ይጠርጉልን ነበር። እኔ ቢጫ የቴትሮን ቀሚስ ነበረችኝ፤ ወገቧ የጠበበ። ቆንጆ ነበርኩ። ይህን ለራሴ የምለው ሌላ የሚልልኝ ስላልነበረ ነው።

ሽማግሌ የመጣው በዚያ ቀሚስ ዓመት ነው። ሽማግሌ የላከው ዲያቆን ፍሥሐ ይባላል አሉ፤ የተማረ፣ ድምፀ መልካም፣ ረጋ ያለ። ዲያቆን ደግሞ ሳያገባ ቅስና አይቀበልም። ወይ ያገባል፣ ወይ ይመነኩሳል። ያውም በተክሊል ነው፤ እሱም ድንግል፣ እሷም ድንግል መሆን አለባቸው። ከፈታት ወይም ሌላ ካገባ ክህነቱ የለም። እናቴ ይህን ስትሰማ ደስታዋ ልክ አጣ። «የማይፈታሽ ባል አገኘሁልሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አልፈታኝም።

ካባ ደርበን፣ አክሊል ደፍተን፣ ቆርበን ወጣን። ቆርበው የተጋቡ ሙሽሮች ለቁርባኑ ክብር ሦስት ቀን ሳይነካኩ ይሰነብታሉ፤ ሚዜዎቼም፣ አክስቶቼም እየቀለዱ ይህንኑ ነገሩኝ። ሦስቱ ቀን አለቀ። አራተኛው ቀን መጣ። አምስተኛውም መጣ። እኔ ደግሞ የሥርዓቱን ነገር በደንብ ስለማላውቅ፣ ለዲያቆን የሚጨመር ቀን ይኖር ይሆን እያልኩ ዝም አልኩ። የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ቅስናውን ተቀበለና ሰሞን ገባ።

ሰሞን ማለት፣ ለማታውቁት፣ ቄሶች በየሳምንቱ እየተፈራረቁ ቅዳሴ የሚይዙበት ተራ ነው። ሰሞነኛ የሆነ ቄስ ሳምንቱን ከሚስቱ ተለይቶ ግቢው ውስጥ ያድራል። ተራው ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ፍሥሐ ግን የራሱን ሰሞን ሲጨርስ የሰው ሰሞን ይይዛል። የአንዱ ቄስ ሚስት ወለደች፣ ሰሞኑን ፍሥሐ ያዘለት። የሌላው ወገቡን አመመው፣ ፍሥሐ። የሌላው አገር ቤት ሰርግ አለበት፣ ፍሥሐ። ቤቱ የሚያድርበት ሳምንት ቢመጣ እንኳ ወይ ጾም ነው፣ ወይ ነገ ይቀድሳል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ጾም አያልቅባትም፤ የሚሸሽ ሰው ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ መሸሸጊያ የለም። የቄስ ሚስቶች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ይመርቁኝ ነበር። «አንቺ እኮ የተባረክሽ ነሽ፣ ባልሽ ባሎቻችንን አሳረፈልን» ይሉኛል፣ ሆዳቸው ከፊታቸው እየቀደመ። የነዚያ ቄሶች ልጆች ግማሾቹ በኔ ሰሞን የተጸነሱ ናቸው። ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ሆነው መንገድ ላይ ሲስሙኝ፣ ጉንጫቸውን ሳስም አንዳንዴ ልነክሳቸው ያምረኛል።

ሕዝቡ ይህን ሁሉ ያያል። የሰው ሰሞን የሚይዝ፣ ቤቱን የሚረሳ፣ ሚስቱ የማትወልድ ቄስ። ሌላ አገር ቢሆን ሰው ይጠረጥራል። እኛ ዘንድ ግን ቅዱስ ነው ተባለ። አንድ የቅኔ አዋቂ ሽማግሌ «እነዚህ ልጆች የድሮ ጻድቃን እንዳደረጉት በአንድ ጣራ ሥር በድንግልና የሚኖሩ ናቸው» ብለው ተናገሩ፤ ከዚያ በኋላ ወሬውን የሚያቆመው አልተገኘም። የሚጠይቀኝም አልነበረም። ቅድስናን ማን ይጠይቃል? በዓመታት ውስጥ የሰው ሰሞን የያዘበት ትጋት ተቆጥሮለት የደብሩ አስተዳዳሪ ሆነ፣ መልአከ ብርሃን ተባለ። ከኔ የሸሸበት መንገድ ሹመት ላይ አደረሰው ማለት ነው። በሕይወት ሳለ «እርስዎ» እለው ነበር፤ ቄስ ነዋ። አሁን «እሱ» እላለሁ። ይህች እንኳ ትቅርልኝ።

ዘውዴን የማውቀው ከሰርጋችን ጀምሮ ነው፤ አብሮ አደጉ ነው ተባልኩ። ጣቢያው አጠገብ ያለው ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራ ነበር። ፈረንሳይኛ ይሞካክራል፤ ፀጉሩን ወደ ኋላ ያበጥራል። ከድሬዳዋ በሊትሪና ባቡር የመጣ መንደሪን በወረቀት ከረጢት ይዞልኝ ይመጣል፤ አንዳንዴም ኮንትሮባንድ ሻሽ። እኔን «አስካለ» ይለኛል፣ ወይዘሮ የለ ምን የለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስታችን እንበላለን። ባሌ ሲስቅ የማየው ያኔ ነበር። ጥርሱ እንዲህ የሚያምር መሆኑን ያወቅሁት ዘውዴ ስለ አንድ እምቢ ስላለ ሞተር ሲያወራ ነው። እኔም ሞኝ ነኝ፤ ለዘውዴ ደህና ወጥ እሠራለት ነበር፣ ባሌ እንዲስቅልኝ።

አንድ ቀን ፋብሪካው መብራት ጠፍቶበት በጠራራ ፀሐይ ወደ ቤት ሰደዱን። በሩ ክፍት ነበር። ሁለቱ ከጓሮ፣ ፀሐይ ላይ፣ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ባሌ መስቀሉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ መስኮቱ ላይ አስቀምጦ፣ የዘውዴን እጅ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ጥፍሩን ይቆርጥለታል። በቃ ይኸው ነው ያየሁት። ጥፍሩ በግራሶ የጠቆረ ነው፤ አንድ ባንድ፣ ቀስ እያለ፣ በምላጭ እያጸዳ ይቆርጠዋል። ዘውዴ ዓይኑን ጨፍኗል። ሁለቱም አይናገሩም። ባሌ ቀና ብሎ አየኝና ሳይደነግጥ «መጣሽ?» አለኝ። ያ ሰው የኔን እጅ ይዞ አያውቅም። መስቀል ሲያሳልመኝ እንኳ ጣቱ እንዳይነካኝ ይጠነቀቅ ነበር። እዚያው ቆሜ ሁሉም ገባኝ። ቅናት ብቻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የገባኝ ነገር ይህ ሰው መውደድ እንደሚችል ነው።

ጊዜ ወስጄ ጠየቅሁት። «ታዲያ እኔን ለምን? ለምን አልመነኮሱም?» አልኩት።

«ብመነኩስ ገዳም ይልኩኛል» አለ። «ከአቃቂ መውጣት አልቻልኩም።»

«እኔስ?»

«አንቺን በደልኩሽ። ብትለቂኝ ግን ክህነቴ ይፈርሳል፤ ሰውም ለምን ይላል። እሱንም ይገድሉታል፣ እኔንም።»

ውሸት አልነበረም፣ ይገድሏቸው ነበር። ይህን ስለማውቅ አልለቀቅሁትም። ግን ቢያንስ አንድ ሰው ይስማኝ ብዬ ለንስሐ አባታችን ለመምሬ ተክሌ ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ፣ መቁጠሪያቸውን ጨበጡ፣ ከዚያ «ልጄ፣ ይህን ነገር ከዚህ በኋላ ለራስሽም እንኳ እንዳትደግሚው። ቤተ ክርስቲያን ትሰደባለች» አሉኝ። ቀኖና ሰጡኝ። ለኔ! እሰግድ ጀመር። መምሬ ተክሌ የሰሙትን ሰምተው፣ አስተዳዳሪ ሲመረጥ መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት እሳቸው ነበሩ። አልተቀየምኳቸውም ብል ውሸት ይሆናል። እስከ ዛሬ ስማቸው በጸሎት ሲጠራ እኔ ጫማዬን አያለሁ።

ይህ ልጅ ሱራፌል «እንዲህ ያለ ሰው እንዴት መንጋ ይመራል?» ሲለኝ መልሱን እኔ ነበርኩ የማውቀው። ደህና አድርጎ ይመራል። ክፉው ጊዜ በመጣ ጊዜ የእርዳታ ስንዴው ለዘመድ ሳይባል የተከፋፈለው በሱ ነው። ቃሊቲ እስር ቤት ደጅ ምሳ ዕቃ ይዘው ፀሐይ የሚመታቸውን እናቶች ጥላ ይሁናቸው ብሎ ከጥበቃዎቹ ጋር የተጣላው እሱ ነው። ጠያቂ የሌለው እስረኛ ሲሞት ፍትሐት ሳይደረግለት አይቀበርም ብሎ ሬሳ ያነሳው እሱ ነው። የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ አልነካም። ጣራው የቆመው በሱ ነው። ከሱ በኋላ ሚስትና አምስት ስድስት ልጅ ያላቸው አስተዳዳሪዎች መጥተው ምን እንዳደረጉ ሰፈሩ ያውቃል፤ ስለዚያ የሚሰብክ የለም። ስለዚህ ወንድ የወደደ ሰው መምራት አይችልም የሚለኝን አልሰማም፤ ያየሁትን አይቻለሁ። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ ሰው ሕዝብ እንዲመራ አንዲት ሴት ደጁ ላይ መቀመጥ ነበረባት። የክህነቱ መድን እኔ ነበርኩ። ፈረንጆቹ ቢያንስ ያን ሽማግሌ ሲሾሙ የማንንም ልጅ ቢጫ ቀሚሷን አላስወለቁም። እኛ ግን እየሾምን ኖረናል፣ ሚስት እየሰጠን። ልጅቷን የጠየቃት የለም።

ሲሞት ፍራሽ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሰፈሩ ሁሉ፣ ከሳሪስ ሳይቀር፣ እየመጣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለኝ። እኔም በወጉ አለቀስኩ፤ ለራሴ ነበር፣ እንባ ግን መልኩ አንድ ነው። ዘውዴ ከዕድር ወንዶች ጋር የድንኳን ብረት ይሸከም ነበር። አርጅቷል፣ ጉልበቱ አይችልም፣ ሌሎቹ «ተው አንተ» ይሉታል፣ እሱ ግን ብረቱን አይለቅም። ለሱ «ያጽናህ» ያለው አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩትም። አይቼው ዞር አልኩ። የሚገባውን አግኝቷል ብዬ ነበር የማስበው። ሰዎች ከዚያ በኋላ «ለምን አልመነኮሱም?» እያሉ ሲጨቀጭቁኝ፣ «እኔ እኮ ከሰርጌ ማግስት ጀምሮ መነኩሴ ነኝ፤ ቆቡ ብቻ ነው የቀረኝ» እላቸዋለሁ። እንደ ቀልድ ይስቃሉ።

የሙት ዓመቱ ዕለት ግቢው ሞልቶ ነበር። የላስቲክ ወንበር፣ ድንኳን፣ አንድ ግድግዳ የሚያህል ባነር። ባነሩ ላይ የሰርጋችን ፎቶ አለ፤ ካባ ደርበን። እኔ ፎቶ አንሺውን አያለሁ፤ እሱ ወደ ጎን ያያል። ሚዜው ዘውዴ የቆመው በዚያ በኩል ነበር፤ እሱን ቆርጠውታል፣ ትከሻው ብቻ ቀርቷል። ሱራፌል ስለ ውጭ አገሩ ጳጳስ ሰበከ፤ ድምፁ የእስር ቤቱ አጥር ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ከዚያ «አሁን የንጽሕና ምስክር እናታችን» ብሎ ድምፅ ማጉያውን እጄ ላይ አኖረው። ሎሚ ሎሚ ይሸታል።

የማስበውን ቤቴ ጨርሼ ነው የመጣሁት። ባሌን አላጋልጥም፤ ዘውዴ በሕይወት አለ፣ ሕዝቡ ደግሞ ሕዝብ ነው። የኔን ግን እናገራለሁ። የኔ የኔ ነው።

«ስእለት አልነበረንም» አልኩ። ድምፄ ከራሴ ይልቅ ከዛፉ ላይ ከተሰቀለው ማጉያ መጣብኝ። «የተስማማነው ነገር የለም። ማንም አልጠየቀኝም። እኔ ልጅ እፈልግ ነበር። ለሴት ልጅ ስም አውጥቼ ነበር። እሱ አልፈለገኝም፣ እኔ ግን ሴት ነበርኩ። ተስማምተው ብላችሁ እንዳትጽፉ።»

መንገድ ላይ የሚያልፉት የጭነት መኪኖች ይሰማሉ። ልቤ አረፈ፤ ተሰማሁ አልኩ። ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች። ሱራፌል ዓይኑ እንባ ሞልቶ ድምፅ ማጉያውን ከእጄ ወሰደ። «ሰማችሁ ወይ ምእመናን! ልጅ እየፈለጉ፣ እናትነት እያማራቸው፣ ለአባታችን አገልግሎት ሲሉ ሁሉን ተውት! ከስእለት የሚበልጠው ይህ አይደለም ወይ?» ግቢው በእልልታ ተናጋ። ሴቶች የቀሚሴን ጫፍ ይስማሉ። አንዷ እርጉዝ እጄን ወስዳ ሆዷ ላይ አኖረችው፣ ይባርኩልኝ ብላ። ከዚያ ሐውልቱን የሸፈነውን ጨርቅ ገፈፉት። «ሁለቱ ተስማምተው» የሚለው ቃል ተፈልፍሎ፣ በወርቅ ቀለም ተሞልቶ ነበር። ለካ ሳይጠይቁኝ በፊት ጽፈውታል። ከሥሩ የኔም ስም አለ፤ ከፊቱ ትንሽ ቦታ ትተውለታል፣ ስሞት ቀኑ የሚሞላበት።

ነጠላዬን ተከናንቤ በበሩ በኩል ወጣሁ። ዘውዴ ከአጥሩ ውጭ፣ ሻማ ከሚሸጡት ሴቶች አጠገብ፣ ከዘራውን ተደግፎ ቆሟል። ግቢው ውስጥ ሲገባ አይቼው አላውቅም፣ ካረጀ ወዲህ። ሽቶ መቀባት ትቷል።

«ሰማሁሽ፣ አስካለ» አለኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ጠልቼዋለሁ። ዛሬም አልወደድኩትም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል የተናገርኩትን እንደተናገርኩት የሰማኝ ግን እሱ ብቻ ሆኖ ቀረ። ምን አደርጋለሁ? ፍራሹ ላይ ተቀምጬ ስቀበለው የሰነበትኩት የማጽናኛ ቃል የኔ እንዳልነበር ያኔም አውቅ ነበር።

«ዘውዴ» አልኩት፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ።»

ኮፍያውን አወለቀ። እንደ ሐዘንተኛ አንገቱን ደፋ። ከዚያ አስፋልቱ ዳር፣ መኪናው እያለፈ፣ አለቀሰ፤ ሽማግሌ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ከግቢው የምትወጣ አንዲት ሴት አየችንና ለጓደኛዋ «አይ የእማማ ምስክርነት! እኚህን ሽማግሌ እንኳ አስለቀሰ» አለቻት። ልመልስላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ድምፅ ማጉያ ይዤ ተናግሬ የለ? ከዚህ በላይ በምን ልናገር?